ውሃው ከየት ገባ

በኖንግ ዋይ መንደር ላምዩንን «ሰነፍ» ብትላት ትስቅልሃለች። «መልከ ጥፉ» ብትላትም መስታወት አላት፤ ካንተ ቀድማ ታውቀዋለች። «አረቄሽ ውሃ ገብቶበታል» ያልካት እንደሆነ ግን ቶሎ ብለህ ጫማህን ብታጠልቅ ይሻልሃል። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አርባ አራቱን ዓመት አረቄ ስታወጣ ነው የኖረችው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዲት ጠርሙስ አቅጥና አታውቅም። ሰክሮ ጠረጴዛ ላይ ለተኛ ሰው እንኳ፣ ማንም በማያይበት፣ ያንኑ ወፍራሙን ነው የምትቀዳለት።

ታዲያ ያን ዕለት ከሆስፒታል የመጣችው መድኃኒት ቀማሚ ናሩሞን፣ ጫማዋን ደጃፍ አውልቃ፣ መዳፏን አጋጥማ እጅ ከነሳች በኋላ የተናገረችው ይህንኑ ነበር።

«እትዬ ላምዩን፣ ላቦራቶሪው ሁለተኛውንም ናሙና መልሶታል» አለች ዓይኗን ሰብራ። «ውሃ በዝቶበታል። ያን ቀን የለካሁት አረቄና እናንተ የመድኃኒቱን ቅጠል የዘፈዘፋችሁበት አረቄ አንድ አይመስለኝም።»

በአሮጌው የሩዝ ጎተራ ውስጥ የመንደሩ መድኃኒት ማኅበር ሰባት አባላት ነበሩ። ሰባቱም ወደ ላምዩን ዞሩ። ነገሩ የገባው ይገባዋል፤ ልጅቷ «ቀጭን ነው» አይደለም ያለቻት። «ጥሩውን አሳይተሽ መጥፎውን አመጣሽ» ነው ያለቻት።

ላምዩን አረቄን የተማረችው ከእናቷ ነው። የፑ ፓን ተራራ ሥር ሰው ሩዝ አብቅሎ ሩዝ ይበላል፤ የተረፈውን ደግሞ ይጠነስሰዋል። እናቷ መለኪያ የሚባል ዕቃ ኖሯት አያውቅም። ጠርሙሱን በአውራ ጣቷ ደፍና ሁለት ጊዜ ትንጠዋለች፤ ከዚያ ወደ ብርሃን ታነሳዋለች። የሚሰበሰበውን አረፋ ዶቃ ይሉታል። የጠነከረ አረቄ ዶቃው ትልልቅ ነው፤ ብቅ ብሎ ወዲያው ይፈነዳል። ውሃ የነካው ደግሞ ደቃቅ ዶቃ ያወጣል፤ ጠርሙሱ አንገት ላይ ተለጥፎ አልለቅም ይላል። ላምዩን በአሥራ አራት ዓመቷ ይህን ማንበብ ቻለች። ትምህርት ቤት ያስተማሯትን ፊደል ረስታ ይሆናል እንጂ ይህን አልረሳችም።

በዚያ ዘመን የመንደር አረቄ ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነበር። የቀረጥ ሰዎች መኪና ከታች መንገድ ላይ አቧራ ሲያስነሳ ድስቱ ጎሾቹ ከሚተኙበት ኩሬ ውስጥ ይሰምጣል፤ ቧንቧው ከቀርከሃው መሀል ይገባል፤ እሳቱ ላይ የዶሮ ሾርባ ይጣዳል። አንድ ጊዜ ግን አልሆነም። ላምዩን የሃያ ሰባት ዓመት ሙሽራ ሳለች ሰዎቹ በእግር መጡና ማድ ቤቷ ድረስ ዘው አሉ፤ ድስቱ እየፈላ፣ ቧንቧው እያንጠባጠበ። የመንደሩ መድኃኒተኛ አባባ ኦንታ ለመድኃኒታቸው አረቄ ሊወስዱ መጥተው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነሱና፣ «ድስቱ የኔ ነው። ልጅቱ እሳት ብቻ ነው የምታነድልኝ» አሉ። ሁለት ሌሊት ጣቢያ አደሩ። ሲመለሱም ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ «አረቄው ቀዘቀዘ እንዴ?» ብለው ጠርሙሳቸውን ብቻ ዘረጉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። ላምዩንም «ድስቱስ የኔ ነበር» ብላ በሰው ፊት አውጥታ አታውቅም።

በኋላ ሕጉ ላላ። የመንደር አረቄ በፈቃድ ሆነ፤ ፈቃድ ለማውጣት ከመንደሩ የመጀመሪያዋ ላምዩን ነበረች። የሰውነት ልማድ ግን በወረቀት አይሻርም። አንድ ጊዜ የመንግሥት ታርጋ ያለው መኪና ስታይ ፈቃዷን በእጇ እንደያዘች ሮጣ ቀርከሃው ውስጥ ገብታለች። ባሏ ታዊ ይህን ሳያወራ የሚውልበት ሠርግ የለም። ታዊ፣ የአገሩ ምርጥ አረቄ አውጪ ባል፣ አረቄ ሲሸተው የሚያስነጥሰው ሰው ነው።

ጋንጃውም፣ ያ ዕፀ ፋርስ የሚሉት ተክል፣ እንደ አረቄው ነው። የፑ ፓን ሰው ሾርባው ውስጥ ሁለት ቅጠል ጣል ማድረግን ከአያቶቹ ነው የወረሰው፤ ተክሉን ግን ከሎሚ ሣሩ ጀርባ ይደብቀው ነበር። መንግሥት ለሕክምና ሲፈቅደው አባባ ኦንታ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር። ሕመም እንቅልፍ ለነሳቸው በሽተኞች የሚሆን ዘይት ከቅጠሉ ማውጣት እንፈልጋለን ብለው ሆስፒታሉን ጠየቁ። ሆስፒታሉም ሦስት ጊዜ ናሙና እንድታመጡ ይፈቀድላችኋል፣ አንዱ እንኳ ካለፈ ሥራው የእናንተ ነው፣ ሦስቱም ከወደቁ ፈቃዱ ወደ ጎረቤት ወረዳ ይሄዳል አለ። አባባ ኦንታ አንድ ነገር ላይ ብቻ ድርቅ አሉ። የከተማ አልኮል አንነካም፤ የተራራችን ቅጠል የሚፈታው በተራራችን ሩዝ አረቄ ነው አሉ።

ናሩሞን መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ። የመንደር አረቄ ለዚህ ሥራ ቀጭን ነው ባይ ነበረች። ላምዩን ግን ዳግሙን እንደገና አውጥታ፣ ሦስት ጊዜ የወጣውን ይዛ ቀረበች። ናሩሞን የመስታወት መለኪያዋን አረቄው ውስጥ ጣል አደረገች፤ ቁጥሩን አየች፤ መለኪያውን ጠርጋ እንደገና ጣለችው፤ ከዚያ ቀና ብላ ላምዩንን አየቻት። ጎተራው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ «አረቄ አዘጋጅ፦ ላምዩን» ተብሎ ተጻፈ። ዕድሜዋን ሙሉ ሥራዋን ስትደብቅ የኖረች ሴት፣ ስሟ በመንግሥት ወረቀትና በግድግዳ ላይ። ታዊ ሰሌዳውን ሦስት ጊዜ ፎቶ አነሳው፤ ሦስቱም ላይ ጣቱ አለበት።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ማለዳ ሁሉም ከጸሎት መደርደሪያው ፊት ይንበረከካል፤ ለቀደሙት የመድኃኒት ጌቶች አበባ፣ ሻማ፣ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ብርጭቆ አረቄ ይቀርባል። አባባ ኦንታ ይጸልያሉ፤ የሣር ጭራውን ከብር ሳህኑ እየነከሩ በቅርጫት የተቀመጠውን ደረቅ ቅጠል ይባርካሉ። ከዚያ ቅጠሉ በበረዶ በቀዘቀዘ አረቄ ይዘፈዘፋል፤ ሳይቆይ ይጠለላል። የተጠለለው በሙቅ ውሃ ላይ ይቀመጣል፤ መስኮት ሁሉ ተከፍቶ፣ ነበልባል የሚባል ነገር በአካባቢው ሳይኖር። አረቄው ተንኖ በቧንቧ ወደ ጠርሙስ ይመለሳል፤ ሥር የሚቀረው ዘይቱ ነው። ዘይቱም እንደ ማር ወርቃማና ወፍራም መሆን ነበረበት።

የመጀመሪያው የኩሬ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ሣር ሣር ይሸታል፤ አልወፍርም አለ፤ ሲሞቅ እየተንጣጣ ይረጫል። ያኔ መካሪ በዛ። ከማኅበሩ አባላት አንዷ የሆነችው፣ የተጠበሰ ዶሮ የምትሸጠው ሳይቡዋ፣ ቅጠሉ የተቆረጠው ጨረቃ ስትሞላ ስለሆነ ነው አለች። ሌላው ድስቱን ጠረጠረ። ናሩሞን በስልክ፣ ብዙ ዘፍዝፋችሁት ይሆናል፣ ቶሎ አውጡት፣ ይበልጥም አቀዝቅዙት አለች። ሁሉንም አደረጉ። ድስት ለወጡ፣ ጨረቃ ጠበቁ፣ በረዶ ጨመሩ። አባባ ኦንታም በበኩላቸው ጌቶቹ አልሰሙን ይሆናል ብለው ጸሎቱን በሦስት እጥፍ አስረዘሙት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ሆኖ አረፈው። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ማለት ይኼ ነው።

ናሩሞን «ውሃ» ብላ ከሄደች በኋላ ወሬው መንደሩን ለመዞር የአንድ ዶሮ መጥበሻ ጊዜ እንኳ አልወሰደበትም። ሳይቡዋ ለደንበኛ ሁሉ ከሩዙ ጋር ትጠቀልልለት ነበር። በማግሥቱ ገበያ ላይ ላምዩንን ስታያት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ላምዩን፣ ደመና አለ፤ ጠርሙሶችሽን ክደኚ፣ ዝናብ እንዳይገባባቸው» አለቻት።

«አንቺ አፍሽን ክደኚ፤ ክፍት የዋለው እሱ ነው» አለች ላምዩን። ሰው ሳቀ። እሷ ግን ሳትገበያይ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የእሷ ደግሞ ገና በሕይወት ሳለች ውሃ ሊበላው ነው።

ያን ሌሊት ተኛች ማለት አይቻልም። ጎህ ሲቀድ ግን ንዴቷ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ጥፍሯን እየነከሰች ስታስብ አንድ ነገር ገባት። መጀመሪያ ያስለካችው አረቄ ጥሩ ነው፤ ይህን በዓይኗ አይታለች። መጨረሻ ላይ ዘይቱ ውሃ አለበት፤ ይህን ላቦራቶሪው አይቷል። እንግዲያው ውሃው የገባው መሀል ላይ ነው። መሀሉ ደግሞ ረጅም አይደለም፤ ጠርሙስ፣ መንገድ፣ ድስት፣ ቅጠል፣ ማጥለያ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ጠርሙስ ብትንጥ ዶቃው ሌባውን ይነግራታል። ይህን ሳታስበው በመቅረቷ የራሷን ግንባር በመዳፏ መታች፤ ታዊን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰችው።

«ተነስ፤ ጎተራ እንሄዳለን።»

«ምን ልንሠራ?»

«ሌባ ልንይዝ።»

ታዊ ዱላውን ይዞ ወጣ። መንገድ ላይ ነው የነገረችው፤ ዱላውን ግን አልጣለውም።

ጎተራውን በራሷ ቁልፍ ከፈተች። ለሙከራ የሚሆን አንድ እፍኝ ቅጠል ብቻ ነው ያነሳችው፤ ወደ መደርደሪያው ዞራ፣ ሙከራ ነው ጌቶቼ፣ ይቅር በሉኝ ብላ እጅ ነሳች፤ ሌላ ሥነ ሥርዓት አላደረገችም። ከቤት ያመጣችውን ጠርሙስ ናጠችው፤ ትልልቅ ዶቃ፣ ወዲያው ፍንድት። ድስቱን በጨርቅ አበሰችው፤ ጨርቁ ደረቅ። አረቄውን ድስቱ ውስጥ ገልብጣ መልሳ ቀዳችና ናጠችው፤ ያው ትልልቅ ዶቃ። ቅጠሉን በጣቶቿ መሀል ጨመቀችው፤ እንደ ደረቀ ሩዝ ገለባ ተንኮሻኮሸ። ዘፈዘፈችው፣ አጠለለችው፣ ናጠችው። ያው ትልልቅ ዶቃ። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍታ በሙቅ ውሃው ላይ አስቀመጠችውና ተንኖ የተመለሰውን አረቄ በትንሽ ጠርሙስ ተቀብላ ወደ ፀሐይ አነሳችው። ታዊም አንገቱን አስግጎ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ አብሯት አየ። ዶቃው ትልቅ ነበር። ፈነዳ።

ሥር የቀረውን በማንኪያ ጫፍ ነካችው። ወርቃማ ነው። ማንኪያውን ስታነሳው አብሮ ይሳባል፤ አልቆረጥም ይላል። ላምዩን የሃምሳ ስምንት ዓመት ጉልበቷን ረስታ ዘለለች፤ ጎተራው ወለል ላይ ሁለት ጊዜ ዞረች፤ ታዊን አንገቱን አንቃ ሳመችው። በሠርጋቸውም እንዲህ አልሳመችውም፤ ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው።

«በይ ተቀመጪና አስቢ» አላት ትንፋሹ ሲመለስ። «ያው አረቄ፣ ያው ቅጠል፣ ያው ድስት። ያኔ ያደረጋችሁት፣ ዛሬ ያላደረግሽው ምንድን ነው?»

«ምንም የለም።»

«አስቢ እንጂ።»

«ምንም አልኩህ። ገባሁ፣ እጅ ነሳሁ፣ ሠራሁ። አልተንበረከክሁም እንጂ…»

ቀስ ብላ ወደ መደርደሪያው ዞረች። የብር ሳህኑ እዚያው ነበር፤ የሣር ጭራውም በጎኑ።

በኖንግ ዋይ ያንን ሳህን አሳይተህ ውስጡ ምን አለ ብትል፣ ውሃ የሚልህ አንድ ሰው አታገኝም። ጸበል ነው። ጸበል ደግሞ ውሃ ተብሎ አይቆጠርም፤ ከበረከት ጋር ነው የሚቆጠረው። ደግሞም አባባ ኦንታ ስልሳ ዓመት ሙሉ መድኃኒታቸውን በሙሉ እንዲሁ ሲባርኩ ኖረዋል፤ የእሳቸው መድኃኒት ግን ሥርና ቅርፊት በውሃ ተቀቅሎ የሚጠጣ ነበር። በውሃ ለሚቀቀል ነገር ሳህን ጸበል ምን ያደርገዋል? አረቄ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደረቅ ቅጠል ውሃውን እንደ ጨርቅ ይመጠዋል፤ ውሃውን ይዞ አረቄው ውስጥ ይገባል። አረቄው የሚቀጥነው፣ የቅጠሉን አረንጓዴና ሙጫ ሁሉ የሚጎትተው ያኔ ነው። ሰባቱም አባላት ሲረጭ ግንባራቸውን ወለሉ ላይ ደፍተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ማን ይየው?

ላምዩን ሳህኑን ውሃ ሞልታ በማንቆርቆሪያ ወደ አረቄ ጠርሙስ ገለበጠችው። ጠርሙሱ ሞልቶ ተረፈ። በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ጸሎቱ ሦስት እጥፍ ነበር፤ ሳህኑም ሦስት ጊዜ ተሞልቷል። እጇ ላይ ያለውን ጠርሙስ እያየች መሳቅ ጀመረች። ሳቋ እየገፋ ሄዶ እንባ አመጣባት፤ ከዚያ ድንገት ቆመ።

ታዊ ገና እየሳቀ ነበር። «በይ ለናሩሞን ደውዪላት። ስምሽ ከምሳ በፊት ይነጻል።»

«ማን ላይ አራግፌው?»

«እውነቱን እኮ ነው የምትናገሪው።»

«እኚህ ሰውዬ ድስቱ የኔ ነው ብለው ሁለት ሌሊት ጣቢያ ያደሩልኝ ናቸው» አለች። «እኔ ደግሞ በሰማንያ አራት ዓመታቸው፣ በሰው ፊት፣ ውሃው የእሳቸው ነው ልበል? በረከትዎ መድኃኒቱን አበላሸው ልበላቸው?»

ታዊ ዱላውን ከግድግዳው ላይ አነሳና ሌባ የለም ብሎ ወጣ።

የሦስተኛው ሥራ ቀን እስኪደርስ አሥር ቀን ነበር። በእነዚያ አሥር ቀናት ላምዩን ከሳይቡዋ ሱቅ ፊት ለፊት ባለፈች ቁጥር አንድ ነገር ትሰማለች፤ መልስ አትሰጥም። መልሱን እያወቁ ዝም ማለት ሳያውቁ ዝም ከማለት ይልቅ ሆድ ያቃጥላል። ግን ቂም ብቻ አልነበረም የሚያነዳት። ያ ወርቃማ ዘይት ዓይኗ ላይ ነበር፤ እንደሚሠራ ታውቃለች፤ ከታዊ በቀር በመንደሩ ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ደስታው አላስተኛት አለ። ሩዝ ስትቀቅል ትስቃለች፤ ዶሮ ስትመግብ ትስቃለች። ጎረቤት በሐዘን አእምሮዋ ተነካ ብሎ አወራ።

ቀኑ ሲደርስ የሐር ሽርጧን ታጥቃ፣ ፀጉሯን ጠቅልላ መጣች። ቅጠሉ የተቀመጠበትን ቅርጫት በሙዝ ቅጠል ሸፍና ጥብቅ አድርጋ አስራዋለች። ሁሉም ሲንበረከኩ እሷ ከኋላ አልተቀመጠችም፤ በቅርጫቱና በአባባ ኦንታ መሀል ገብታ ተንበረከከች። ሽማግሌው ጸልየው ሲጨርሱ ሳህኑን በግራ፣ ጭራውን በቀኝ ይዘው ዞሩ፤ ላምዩንን ፊታቸው አገኟት።

«አባባ» አለች አቀርቅራ፣ «ቅጠሉማ ሁለት ጊዜ ተባረከ። ያልተባረከችው የአረቄዋ ሴትዮ ነች። ስሜ ቆሽሿል፤ ዛሬ እኔን ይርጩኝ።»

ከኋላዋ ሳይቡዋ «ኃጢአቷን ልታስለቅቅ ነው» ብላ ስታንሾካሹክ ሰማች። አባባ ኦንታ ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ ጭራውን ነክረው ራሷ ላይ ረጩ።

«ትንሽ ነው አባባ፤ ይጨምሩልኝ።»

ጨመሩ።

«አሁንም።»

ሰው መሳቅ ጀመረ። ሽማግሌውም ፈገግ አሉና ሳህኑን እንዳለ ገለበጡባት። ውሃው ከፀጉሯ በአንገቷ፣ ከአንገቷ በሐር ሽርጧ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ተጠራቀመ፤ ጉልበቷን ከብቦ ኩሬ ሠራ። ላምዩን በረጠበ ፀጉሯ ሥር የምታየው የሽማግሌውን ባዶ እግር ብቻ ነበር። እግሩ አልተንቀሳቀሰም። ውሃው እስኪደርስበት፣ ጣቶቹን እስኪነካው ድረስ ቆሞ ቀረ። ሳቁ ሁሉ አልቆ፣ ሰው መነሳት ጀምሮ፣ እግሩ እዚያው ነበር። ከዚያ የብር ሳህኑ መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ ሲቀመጥ ድምፁን ሰማች።

የዚያን ቀን ሥራ ሠርግ ነበር። ላምዩን እንደረጠበች፣ ከድስቱ ራቅ ብላ፣ ማንም ቅጠሉን በእርጥብ እጅ እንዳይነካ እየተቆጣች ሁሉንም አሠራቻቸው። በየእርምጃው ጠርሙስ እየናጠች ወደ መስኮቱ ታነሳለች፤ ዶቃው ይፈነዳል፤ እሷም «ቀጥሉ» ትላለች። ከሰዓት በኋላ ዘይቱ ሥሩ ላይ ወርቅ ሆኖ ሲታይ ጎተራው ውስጥ ጩኸት ሆነ። አንዱ አባል እንቁላሉን ከመደርደሪያው አንስቶ በላው፤ ጌቶቹ ከእንግዲህ ጠግበዋል ብሎ። ላምዩን ግን ወረቀቱ እስኪመጣ አላመነችም።

ናሩሞን በስምንተኛው ቀን መጣች። እየሮጠች ስለመጣች አንዱን ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የገባችው። «አለፈ» አለች። «ማለፍ ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ንጹሕ መጥቶልን አያውቅም ብለዋል።» ሰዎቹ ተቃቀፉ፤ ታዊ ሰሌዳውን እንደገና ፎቶ አነሳው። ናሩሞን ወደ ላምዩን ቀርባ ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ነሳቻትና ደብተሯን አወጣች። ሥራው እንዲደገም፣ በሦስተኛው ጊዜ የተለወጠው ምን እንደሆነ መጻፍ አለብኝ አለች።

ላምዩን ወለሉን አየች። «ምንም» አለች። «ተጠነቀቅን።»

«ምን ይለወጣል» አለች ሳይቡዋ ከጥግ። «ውሃውን ተወችዋ።»

ላምዩን ጥርሷን ነከሰች። አጠገቧ ምርኩዝ ወለሉን መታ፤ አባባ ኦንታ ለመነሳት እየታገሉ ነበር። ተነሱና የተደፋውን የብር ሳህን ከመደርደሪያው አንስተው ናሩሞን ፊት ያዙት።

«ጻፊ ልጄ። ውሃ የጨመርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ለጌቶቹ ጸበል ነው፤ ለአረቄው ግን ውሃ ነው። ስልሳ ዓመት መድኃኒት ሠርቼ ይህን ሳላውቅ ኖርኩ። ይህች ልጅ አወቀች፤ አውቃም ዝም አለች። እኔ እንዳላፍር የኔን ውሃ በገዛ ራሷ ላይ አስፈሰሰች። ከእንግዲህ የምባርከው የሚሠራውን ሰው ነው፤ ቅጠሉ ደረቅ ይሁን። እንደዚያ ብለሽ ጻፊ፤ ስሜንም ጻፊ።»

ናሩሞን ወረቀቱ ላይ እጇ ቆመ። መጀመሪያ ላምዩንን አየች፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ፤ ከዚያ ጻፈች። ላምዩን ለሰሌዳው ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳትናገረው የኖረችውን ከእንግዲህ ልትደብቀው አልቻለችም። የመንግሥት ሰው ደብተር ይዛ ፊቷ ተቀምጣለች፤ ግድ አልሰጣትም።

«አባባ፣ እኔም የምለው አለኝ» አለች። «ያኔ ድስቱ የኔ ነበር።»

ሽማግሌው ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። «ሁለት ሌሊት ጣቢያ ያሳደረኝን ድስት የማን እንደሆነ የማላውቅ መሰለሽ?»

ላምዩን እግራቸው ሥር ተደፍታ አለቀሰች፤ እየሳቀችም ነበር። እሳቸውም እጃቸውን በፀጉሯ ላይ አሳረፉ፤ የዚያን ቀን ደረቅ ነበር።

ናሩሞን ግራ ተጋብታ ብዕሯን አንስታ ጠየቀች። «ይኼን ደግሞ ልጻፈው?»

«እሱን ተይው ልጄ» አላት ታዊ። «ድስቱ ገና ሥራ ላይ ነው።»

ሰው ተበትኖ ሲወጣ ሳይቡዋ ወደኋላ ቀረች። ቆም ብላ፣ ሄድ ብላ፣ በመጨረሻ ከመደርደሪያው አንድ ብርጭቆ አንስታ መጣች። ይቅርታ አላለችም፤ በኖንግ ዋይ ሳይቡዋ ይቅርታ ስትል የሰማ የለም። ላምዩን ጠርሙሱን አወጣች፤ አፉን በአውራ ጣቷ ደፍና ሁለት ጊዜ ናጠችው፤ ሳይቡዋ ዓይን ሥር ወደ ብርሃን አነሳችው። ዶቃው ትልቅ ነበር፤ ወዲያው ፈነዳ። ሳይቡዋ አየችው፤ ብርጭቆዋንም ዘረጋች። ላምዩን እስከ አፉ ድረስ ቀዳችላት።